ለአርባ ዓመቱ አር 80 አርቲ የተደረገ ሙሉ ሰርቪስ፦ የአንድ መንደር ጋራዥ ግምገማ

ይህ ግምገማ በ1983 እ.ኤ.አ. ለተሠራው ቢኤምደብልዩ አር 80 አርቲ ሞተር ሳይክሌ ባለፈው የበረዶ ወራት የተደረገለትን ሰርቪስና ጥገና የሚመለከት ነው። ጋራዡ የሚገኘው ከፍራንክፈርት ወጣ ብሎ፣ በታውኑስ ኮረብታዎች ግርጌ ባለች አንዲት መንደር ውስጥ ሲሆን የሚሠሩበትም አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክና ልጃቸው ብቻ ናቸው። ወረፋቸው ብዙ ወራት ስለሚያስጠብቅ ስማቸውን እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። አድራሻ ለሚፈልግ አንባቢ ይህ ቅር ሊያሰኝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ነገር ግን አሮጌ የረጅም ጉዞ ሞተር ያለው ሰው የትኛውንም ጋራዥ ከመምረጡ በፊት ምን መጠየቅና ምን ማየት እንዳለበት ከዚህ ሥራ ብዙ ስለተማርሁ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ሞተሩን ለማያውቁት ጥቂት ልበል። አር 80 አርቲ ኩባንያው ለረጅም ጉዞ ያዘጋጀው፣ 797 ሲሲ የሆነና 50 የፈረስ ጉልበት ብቻ የሚያወጣ ሞተር ነው። ሙሉውን የንፋስ መከላከያ ሽፋን የወረሰው ከታላቅ ወንድሙ ከአር 100 አርቲ ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ ተዘርግተው ከአካሉ ውጪ ስለሚታዩ የሚያቀዘቅዛቸው የመንገድ ንፋስ ነው፤ ኃይሉም ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው በካቴና ሳይሆን ዘይት ውስጥ በሚሽከረከር ዘንግ ነው። ፍጥነት ለሚፈልግ ሰው የሚሆን አይደለም። ቀኑን ሙሉ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ፣ ዝናብ ጉልበቱን ሳይነካው፣ ማታ ጀርባውን ሳያመው ለመውረድ የሚሻ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ የዚያ ዘመን ሞተር በቀላሉ አያገኝም። የቫልቭ ክዳኖቹ በእጅ አጠገብ ስለሆኑ ለመካኒክም የተመቸ ነው፤ መመቸቱ ግን አደገኛ ጎን አለው፤ ማንም ሰው መፍቻ ይዞ የሚችለው ስለሚመስለው ብዙ እጅ ይገባበታል።

ወደ እነዚህ መካኒኮች ያደረሰኝ ቀይ የዘይት መብራት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ባለው የመከር ወቅት፣ በከተማው ውስጥ ላለና ዘመናዊ ሞተሮችን በብዛት ለሚያስተናግድ አንድ ትልቅ ጋራዥ ዘይትና ፊልትሮ እንዲቀየርልኝ ሰጥቼ ነበር። በአንድ ሰዓት ተኩል ጨርሰው፣ አጥበውም ጭምር መለሱልኝ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ምንም አልታየበትም። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ግን ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ ጋዝ ስሰጠው ይጠፋል፣ ስለቅቀው ይመለሳል። ወዲያው አጥፍቼ በጭነት መኪና አስወሰድሁት። ይህን ማድረጌ ሞተሩን እንዳተረፈው በኋላ ተነግሮኛል።

ችግሩን ለመረዳት የፊልትሮውን አቀማመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። በእነዚህ ሞተሮች የዘይት ፊልትሮው የሚገባው በሞተሩ ብረት ውስጥ በተሰካ ቀጭን የቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ ነው። ሦስት ብሎን ያለው ክዳን ሲዘጋ አንድ ነጭ ኦሪንግ (ክብ የላስቲክ ማሸጊያ) በቱቦው ጫፍና በክዳኑ መካከል ይጨመቃል። ኦሪንጉ በሚገባ ካልተጨመቀ ፓምፑ የገፋው ዘይት ወደ ክራንክ ዘንጉ ብሮንዚናዎች (ዘንጉ ወደሚሽከረከርባቸው መደገፊያዎች) ከመሄድ ይልቅ በጫፉ በኩል አምልጦ ወደ ታች ይመለሳል፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ ውጭ ስለማይፈስ ባለቤቱ መሬት አይቶ የሚያውቀው ነገር የለም። የቱቦው ጫፍ ከብረቱ ገጽ ወደ ውስጥ የገባበት ጥልቀት ደግሞ ከአንዱ ሞተር ወደ ሌላው ስለሚለያይ በካሊፐር ተለክቶ፣ እንደ ልኩ አንድ ቀጭን የብረት ሮንዴላ ይጨመርበታል ወይም ይተዋል። የእኔ ሞተር ሮንዴላ ነበረው። ከተማ ያለው ጋራዥ ከአሮጌው ፊልትሮ ጋር ጥሎት ኖሯል። በአሜሪካ ያሉ የእነዚህ ሞተሮች ባለቤቶች ይህችን ነጭ ኦሪንግ «የሁለት ሺህ ዶላሯ ኦሪንግ» ይሏታል፤ የዋጋዋን ሳይሆን በእርሷ ጥፋት የሚከተለውን የጥገና ሒሳብ ማለታቸው ነው።

ሽማግሌው መካኒክ ታሪኩን ቆመው ሰሙኝና ሞተሩን እንዳስነሣ አልፈቀዱልኝም። ክዳኑን ፈትተው ጥልቀቱን በሦስት ቦታ ለኩ፤ እያንዳንዱን ቁጥር በእርሳስ ካርቶን ላይ ጻፉ። ከዚያ የዘይት ማጠራቀሚያውን ከታች አውርደው ዘይቱን በነጭ ሳሕን ላይ አፈሰሱና በባትሪ መብራት የብረት ብልጭታ ፈለጉ። አልነበረም። አዲስ ኦሪንግና ትክክለኛው ሮንዴላ ከገባ በኋላም ቁልፉን አዙረው አላስነሡትም፤ ካንዴላዎቹን አውጥተው፣ ከገመዳቸው ሳይለዩ ከሲሊንደሩ ብረት ጋር አስነክተው፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖው (በማስነሻው) ብቻ አሽከረከሩት። ካንዴላዎቹ ብረት ሳይነኩ ቢሽከረከር ኖሮ ከ1981 ሞዴል ጀምሮ የገባው የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ሊቃጠል እንደሚችል ልጃቸው አስረዳኝ። ይህ ሁሉ አንድ ፊልትሮ ለመቀየር ነው። ሆኖም ይህን ካየሁ በኋላ ሙሉውን ሰርቪስ እዚያው ለማስደረግ ወሰንሁ።

እዚህ ላይ አንድ የግል ነገር ልጨምር። ስለ ሞተር የማውቃቸው ቃላት በሙሉ ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ የሰማኋቸው ናቸው፤ በጀርመንኛ ሳወራ አንደበቴ ይተሳሰራል። ሽማግሌው ግን በወጣትነታቸው የጣሊያኖቹን የሞቶ ጉዚ ሞተሮች ሲጠግኑ ስለኖሩ «ቴስታታ» (የሲሊንደሩ ራስ ማለት ነው) ስላቸው ሳቁና «ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን» (የማርሽ ሳጥንና ክላች) እያሉ ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ የተግባባነው ሁለታችንም አገራችን ባልሆነ ቋንቋ ነው።

የሰርቪሱ ዋና ጉዳይ ቫልቭ ነበር። በዚህ ሞተር የማስገቢያው ቫልቭ ክፍተት 0.10 ሚሊ ሜትር፣ የጭስ ማውጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይስተካከላል፤ የሚለካውም ሞተሩ አድሮ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ ማታ አስረክቤ ጠዋት እንድመጣ ተነገረኝ። ከመለካታቸው በፊት የቴስታታዎቹን ዳዶዎች በተሻጋሪ ቅደም ተከተል በ35 ኒውተን ሜትር አጠበቁ፤ ዳዶዎቹ ሲጠብቁ ክፍተቱ ስለሚለወጥ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ልኩን ዋጋ ያሳጣዋል። ሦስቱ ቫልቮች ከልካቸው ብዙም አልራቁም። የቀኙ ጭስ ማውጫ ግን 0.10 ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከሚገባው ግማሽ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የቫልቭ ክፍተት ሲጠብ ደስ ይለዋል፤ ሞተሩ ድምፁ ይለሰልሳልና። የዚህ ዘመን ሞተሮች ባለቤት ግን ጸጥታን መፍራት አለበት። ከ1981 እስከ 1984 በተሠሩት ላይ የጭስ ማውጫው ቫልቭ መቀመጫ ሙቀትን ወደ ቴስታታው በሚገባ ስለማያስተላልፍ ቫልቩ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየሰመጠ ይሄዳል፤ በሰመጠ መጠንም ክፍተቱ ይጠባል። ኩባንያው ከ1985 ሞዴል ጀምሮ አስተካክሎታል፤ የእኔ ግን 1983 ነው። ክፍተቱ ፈጽሞ ቢያልቅ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ይተዋል፣ ሙቀቱን የሚያወርድበት ስለሚያጣም ይቃጠላል።

ይህን ስሰማ ቴስታታዎቹን አውርደው አዲስ መቀመጫ እንዲያስገቡ ለማዘዝ ተዘጋጅቼ ነበር። ከተማ ያለው ጋራዥ ቢሆን ያለ ጥርጥር እሺ ይለኝ ነበር። ሽማግሌው ግን «ይህ ቁጥር ለብቻው ምንም አይነግረኝም፤ ከእርስዎ በፊት የነካው ሰው አሳስቶ አስተካክሎት ሊሆን ይችላል» አሉ። ክፍተቱን 0.20 አድርገው፣ ኪሎ ሜትሩን 96,400 ብለው በዚያው ካርቶን ላይ ጽፈው፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በኋላ እንድመለስ ቀጠሩኝ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ መቀመጫው ደኅና ነው፤ ከተነቃነቀ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሰምጥ እናውቃለን። በእኔ ግምት የዚህ ጋራዥ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከአንድ ሺህ ዩሮ በላይ የሚያስገኝ ሥራ እጃቸው ላይ ሳለ ልኬት አነሰኝ ብለው መለሱት።

ቀጥሎ የተሠራው ካምቢዮው ነው፤ ይህም አብዛኛው ሰርቪስ የሚዘለው ሥራ ነው። ፍሪሲዮኑ ኃይሉን ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው በጥርስ በተቆረጠ ዘንግ ላይ ሲሆን፣ እነዚያ ጥርሶች ደርቀው ከዛጉ ማርሽ መቀየር ይከብዳል፤ ውሎ አድሮም ጥርሶቹ ተበልተው ይሾላሉ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ የነበረው እንቢታ ከእድሜ የመጣ ነው ብዬ ለዓመታት ታግሼዋለሁ። ካምቢዮውን ሙሉ በሙሉ ሳያወርዱ፣ ከኋላ ያለውን የዘንግ መጋጠሚያ አራት ብሎኖች ፈትተው፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሳቡትና ጥርሶቹን አጽድተው ስስ ግራሶ ቀቡት። ግራሶው ከበዛ ወደ ፍሪሲዮኑ ተወርውሮ ያንሸራትተዋል፤ ስለዚህ በጥርስ ብሩሽ ነው የሚቀባው። አራቱ ብሎኖች ድጋሚ አይታሰሩም፤ በአዲስ ተተኩ። ዛሬ ሦስተኛው ማርሽ በእግር ጣት ጫፍ ይገባል።

ከሲሊንደሮቹ ሥር የሚንጠባጠበው ዘይት ደግሞ የመጣው የቫልቭ መግፊያ ዘንጎቹ ከሚያልፉባቸው ቱቦዎች ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ርካሽ ነው፤ ለመቀየር ግን ሁለቱም ሲሊንደሮች መውጣት አለባቸው። በዚያው አጋጣሚ የፒስቶን ቀለበቶቹ ታዩ፣ ደኅና ስለነበሩ ተተዉ። ለጓርኒሲዮንም ሆነ ለላስቲኩ የተጠቀሙት ኩባንያው ለጥንት ሞተሮቹ የሚያቀርበውን ኦሪጅናል ዕቃ ነው፤ ከሌላ አምራች የተገዛ ላስቲክ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ድንጋይ ሆኖ እንደሚጠብቃቸው ልጃቸው ነግሮኛል።

ካርቡራተሮቹ ሁለት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። በቢንግ የተሠሩ 32 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ በውስጣቸው ያለው ቀጭን የላስቲክ ቆዳ በአየር ግፊት ልዩነት የሚነሣና የሚወርድ ናቸው። ያ ቆዳ በቀኙ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ስንጥቅ ነበረበት። ስንጥቋን ያገኙት ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው በጣታቸው ወጥረው ነው። ሁለቱ ካርቡራተሮች እኩል እንዲተነፍሱ ለማድረግ የተጠቀሙበት መሣሪያ ፈሳሽ ያለበት የብርጭቆ ቱቦ ነው፤ ቱቦው ከሁለቱም ጋር ይያያዝና የፈሳሹ ከፍታ ሁለቱም ወገን እኩል እስኪሆን ገመዶቹ ይስተካከላሉ። ኮምፒውተር የለም፣ ስክሪን የለም። ለግማሽ ሰዓት ያህል አንዱ ብሎን ሩብ ዙር ወዲህ፣ ሌላው ሩብ ዙር ወዲያ ሲባል ቆሜ አየሁ። ሲጨርሱ መሪው ላይ የነበረው፣ የሁሉም ቦክሰር (ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተዘረጉ) ሞተር ጠባይ ነው ብዬ የማምነው መንቀጥቀጥ ግማሹ ጠፋ። እጄ ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ ይደነዝዝ የነበረው በሞተሩ ባሕርይ ሳይሆን ባልተስተካከለ ገመድ ኖሯል።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። ዲናሞው ከፊት ሽፋኑ ሥር ስለሆነ መጀመሪያ የባትሪው ነጋቲቭ ገመድ ተፈታ፤ ይህ ሳይደረግ ሽፋኑን የሚያወልቅ ሰው ብረቱን ከዲዮድ ሰሌዳው ጋር አነካክቶ ያቃጥለዋል። የሚሽከረከረው የዲናሞው ክፍል ጥቅል ሽቦ ተቋርጦ ስለነበር እንደገና በተጠቀለለ ተተካ። ከሰልባትዮው ሥር ያለው የማቀጣጠያ ሳጥንም ተነቅሎ ሙቀት አስተላላፊው ቅባት ታደሰለት። የፍሬን ዘይት፣ የፊት ሹካ ዘይት፣ የካምቢዮው 0.8 ሊትር ዘይት ተቀየረ፤ የመሪው ኩሽኔታ ጠበቅ ተደረገ።

የሰዓት ክፍያቸው 90 ዩሮ ነው፤ 14 ሰዓት ሠርተዋል። ይህ 1,260 ዩሮ ሲሆን የዕቃው 640 ተጨምሮ በድምሩ 1,900 ዩሮ፣ ከነግብሩ ማለት ነው፣ ከፈልሁ። መጀመሪያ የገመቱልኝ ከ1,500 እስከ 2,000 ነበር። አሮጌዎቹን ዕቃዎች ሳልጠይቅ በካርቶን ሰጥተውኛል፤ እያንዳንዱ ከምን እንደወጣ በወረቀት ተጽፎበታል። በገበያ ከአራትና ከአምስት ሺህ ዩሮ በማያልፍ ሞተር ላይ ይህን ያህል ማውጣት ባለቤቴን አላሳመናትም፤ እኔም በክርክሩ አሸንፌያለሁ አልልም።

ቅሬታም አለኝ። ዐሥራ አንድ ሳምንት ጠብቄያለሁ፤ ከዚህ ውስጥ ሞተሩ በእርግጥ የተነካው በሁለቱ ብቻ ነው። ስልክ የሚያነሡት ከምሽቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሲሆን ያንንም ሁልጊዜ አይደለም። የሒሳቡ ደረሰኝ በእጅ የተጻፈና ለማንበብ የሚያስቸግር ነበር፤ ለሚቀጥለው ገዢ የጥገና ታሪክ አድርጎ ማቅረብ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የቫልቭ ክፍተትን በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለኩ ሰዎች የንፋስ መከላከያውን ሁለት ብሎኖች ረስተው መመለሳቸው ነው። በ110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የታችኛው ሽፋን እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። ስደውልላቸው ይቅርታ ጠይቀው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሁለቱ ብሎኖች በፖስታ ደረሱኝ፤ ከፖስታው ውስጥ ደብዳቤ የሚባል ነገር አልነበረም።

በየሁለት ዓመቱ የሚደረገውን የቴክኒክ ምርመራ፣ የእኛን አገር ቦሎ የሚመስለውን ማለቴ ነው፣ ሞተሩ ያለ አንዳች ነጥብ አልፏል። በጀርመን ሠላሳ ዓመት የሞላው ተሽከርካሪ በኦሪጅናል ሁኔታው ተጠብቆ ከተገኘ የታሪካዊ ተሽከርካሪ ሰሌዳ ይሰጠዋል፤ ለሞተር ሳይክል የዓመት ግብሩም 46 ዩሮ ገደማ የሆነ ቁርጥ ሒሳብ ነው። ዘመናዊ መብራትና ሌላ ማርሚታ ለማስገባት ስጠይቅ መካኒኮቹ የተቃወሙኝ አንዱ ምክንያት ይህ ሰሌዳ ነበር፤ ሌላው ምክንያት፣ በግልጽ እንደነገሩኝ፣ አስቀያሚ ስለሚሆን ነው።

ከዚያ መንዳት ጀመርሁ። 2,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ተመልሼ ሄድሁ፤ የቀኙ ጭስ ማውጫ 0.18 ሆኖ ተገኘ። «እንግዲህ ገና አናውቅም» አሉኝና እንደገና ሳይነኩት ክዳኑን ዘጉት። በሐምሌ ወደ ጣሊያን ወርጄ የስቴልቪዮን የተራራ መተላለፊያ ወጣሁ፤ በሰሜን ምሥራቁ በኩል 48 ጥምዝ ያለው፣ 2,757 ሜትር ከፍታ ያለው መንገድ ነው። እንጦጦን የሚያውቅ ሰው በከፍታው ብዙም አይደነቅም፤ ሞተሩ ግን በሁለተኛ ማርሽ ሻንጣና ሰው ተሸክሞ ሳያስል ወጥቷል፣ ቁልቁለቱም ላይ ፍሬኑ አልላላም። መብራት ላይ ስቆም ዓይኔ አሁንም ቀዩን አምፖል ይፈልጋል።

ስመለስ ከሰርቪሱ በኋላ የነዳሁት 5,000 ኪሎ ሜትር ሞልቶ ነበር። ግራው 0.20 ላይ እንዳለ ነው። ቀኙ 0.15 ሆኗል። ሽማግሌው ሦስተኛውን ቁጥር ከሁለቱ ሥር ጽፈው ካርቶኑን ወደ እኔ አዞሩት፤ በየሺው ኪሎ ሜትር አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር፣ ሳያቋርጥ። አሁን ቴስታታውን ማውረድ ተገቢ መሆኑን ሁለታችንም ተስማማን። ሁለቱም ወገን አዲስ መቀመጫ ይገባላቸዋል፤ ቀጠሮውም ለኅዳር ተይዟል። እስከዚያ ክፍተቱ ወደ 0.20 ስለተመለሰ መንዳት ተፈቅዶልኛል፤ የንፋስ መከላከያውን ብሎኖች ግን እኔ ራሴ እንደምቆጥራቸው ነግሬያቸዋለሁ።